ፋራዴይና የደብዳቤ ወዳጆቹ

የኤሌክትሪክ ማመንጫና የትራንስፎርመር መሠረት የሆነውን የኤሌክትሮማግኔት ኢንዳክሽን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. ያገኘው ማይክል ፋራዴይ፣ በሙከራ ችሎታው ከዘመኑ ሊቃውንት የላቀ እንደ ነበር ለመሐንዲስ አይነገረውም። ይኸው ሰው በቤተ ሙከራው ባሳየው ትጋት ወዳጅነትን በደብዳቤ ሲያጸና ኖሯል።

ፋራዴይ በ1791 በለንደን አጠገብ ከአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከሒሳብ ያላለፈ ስለ ነበር፣ በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 ከወጣቱ ከቤንጃሚን አቦት ጋር መጻጻፍ ሲጀምር፣ አንዱ ዓላማው ሐሳብን አቀናብሮ መግለጽን ለመልመድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ሰባት የዚንክ ክቦችንና ሰባት የመዳብ ሳንቲሞችን፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ወረቀት እያደረገ በመደርደር የሠራውን ትንሽ ባትሪ ለወዳጁ ዘርዝሮ አስረዳው። በሚቀጥለው ዓመት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን አስቀጠረው። ከዴቪ ጋር በአውሮፓ ሲዘዋወር እንደ አሽከር መቈጠሩ ቢያስመርረው፣ ብሶቱን የገለጸው ለአቦት ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ ወዳጅነት በ1836 ተጀመረ። በስዊትዘርላንድ በባዝል ከተማ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ጀርመናዊው ክርስትያን ፍሪድሪክ ሾንባይን፣ ብረት ብርቱ ናይትሪክ አሲድ ሲነካው መበላቱን የሚተውበትን ሁኔታ መርምሮ ያየውን ለፋራዴይ ጻፈለት። ፋራዴይም ነገሩን ራሱ ሞከረው፤ ደብዳቤውንም ከራሱ አስተያየት ጋር በእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት አሳተመው። ከዚያ ወዲያ ለ26 ዓመታት ተጻጻፉ። ፋራዴይ ጀርመንኛ ስለማያውቅ፣ በወጣትነቱ በእንግሊዝ አገር ያስተማረው ሾንባይን በእንግሊዝኛ ይጽፍለት ነበር። ሾንባይን በ1840 ኦዞን ብሎ ስለ ሰየመው ነገር ጻፈለት፤ በ1846 ደግሞ ወረቀትን በአሲድ ለውጦ ካገኘው ብርሃን አሳላፊ ነገር ናሙና ላከለት። ፋራዴይ በበኩሉ ማግኔት በብርሃን ላይ ያለውን ኀይል ማግኘቱን በ1845 አበሠረው፤ በ1851ም ስለ ወዳጁ ኦዞን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ንግግር አደረገ።

ይሁን እንጂ ፋራዴይ ከ1840 ገደማ ጀምሮ በራስ ማዞርና በመርሳት ሕመም ይሠቃይ ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ሕመሙ ስለ ጸና፣ የሾንባይንን ምርምር አንብቦ በአእምሮው ለመያዝ መቸገሩን ሳይሸሽግ ይገልጽለት ጀመር። የሚያፍርበትን ድካም እንዲህ ገልጦ መጻፉ፣ በሳይንስ ወሬ የተጀመረው መጻጻፍ የልብ ወዳጅነት ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

በመስከረም 1862 ፋራዴይ ለሾንባይን የመጨረሻውን ደብዳቤ ጻፈ። የጀመረው ሁሉ ትርጉም እያጣበት ደጋግሞ መቅደዱን፣ ፊደሉም መስመሩም አልያዝ እንዳለው ነገረው፤ ከእንግዲህ እንደማይጽፍም አስታውቆ፣ በፍቅር ተሰናበተው።

ፋራዴይ በ1867፣ ሾንባይን በ1868 ዐረፉ። ደብዳቤዎቻቸው በ1899 በመጽሐፍ ታትመው ወጡ። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ሁሉ ዘመን በዐይን የተያዩት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር።