የጎንደሯ ወይዘሮ መልካም አያሁ

እ.ኤ.አ. በ1932 ክረምት ዳካር-ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ ከረዳቱ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ለወራት የተመላለሰው በዓታ ሰፈር ወደሚኖሩ አንዲት አዛውንት ቤት ነበር። ወይዘሮ መልካም አያሁ ይባላሉ።

ወይዘሮ መልካም አያሁ ራሳቸው ባለዛር ናቸው፤ የሌላውንም ዛር ያክማሉ። ልጃቸው እማዋይሽም ዛር ነበረባት። በእሳቸው ላይ የሚወርደው ዛር አንድ ብቻ አልነበረም። አባ ዮሴፍ ሲወርድባቸው ይመርቃሉ፣ ይመክራሉ። ወታደር ዛርም፣ አገልጋይ ዛርም ነበራቸው። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሰው ከሚኖረው ቲያትር ጋር አመሳስሎታል፤ ማታለል ነው ብሎ ግን አልናቀውም።

ታማሚ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ በጭብጨባና በዘፈን ይታደራል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ሴቶች ነበሩ። የታማሚዋ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ዛሩ ይፎክራል፤ በፉከራውም ማንነቱ ይታወቃል። ከዚያ ድርድር ነው። ዛሩ መልኩ የተለየ በግ ወይም ዶሮ፣ ቀለበት ወይም ልብስ ይጠይቃል። ሲሰጠው ይታረቃል፤ ያሳመመው መልሶ ጠባቂ ይሆናል።

ከሌላው ልማድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በጠበል ርኩስ መንፈስ ለፍልፎ ይወጣል፤ በአውሮፓ አይሁድ ዘንድም ረቢዎች ዲቡክን ያስወጡ ነበር። ወይዘሮ መልካም አያሁ ግን ያስታርቁ ነበር እንጂ አያስወጡም። የዳነችውም ሴት ብቻዋን አትቀርም፤ ከማኅበሩ ጋር በየጊዜው ትሰበሰባለች። በዚያው በ1958 አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ የጎንደርን ዛር የቡድን ሕክምና ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው።

ዋጋ ግን ነበረው። መሥዋዕቱ ለድሃ ቤት ከባድ ነው፤ ታማሚዋም ዕድሜ ልኳን ከአካሚዋ ቤት አትላቀቅም። ሌሪስም ለመሥዋዕቱ የሚሆን እንስሳ ይገዛ ስለነበር፣ ያየው ነገር ከገንዘቡ ነፃ ነበር ማለት አይቻልም።

ቤተ እስራኤልም ዛርን ያውቃል፤ አያቶቻችን ይዘውት መጥተዋል። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ዛርን ከባህል ጋር ከተያያዙ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሆኖም እዚህ ፒስጋት ዘኤቭም ሆነ በሌላ ሰፈር፣ አንዲት እናት ኩፓት ሆሊም ስትሄድ ራሴን ያመኛል ብላ ዛሩን ልትደብቅ ትችላለች። የሚያስተረጉመው ልጅም ቃሉን ያፍርበትና ይዘለዋል። ሐኪሙ የሚያክመው እንግዲህ ግማሹን ነው።

የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ እንደመሆኔ፣ በዛር እመኑ ወይም አትመኑ አልልም፤ መድኃኒት ለሚያስፈልገውም መድኃኒቱ ይሰጠው። ወይዘሮ መልካም አያሁ ግን ሕክምናቸውን የሚጀምሩት ያመመውን ነገር በስሙ በመጠየቅ ነበር። እናቶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀመጡ፣ ዛር ያሉትን ዛር ብለን እናስተርጉምላቸው።