ቤንጃሚን ሮቢንስ

ጦርነትን አጥብቆ ከሚቃወም ቤተሰብ ተወልዶ ዕድሜውን በጥይትና በባሩድ ምርምር ያሳለፈ ሰው ቢኖር ቤንጃሚን ሮቢንስ ነው። የተወለደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1707 ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሲሆን፣ ወላጆቹ ጦር መሣሪያ ማንሣትን የሚያወግዙ የኩዌከር እምነት ተከታዮች ነበሩ። ቤተሰቡ ድሃ ቢሆንም ሮቢንስ በሒሳብ ችሎታው ሎንዶን ገብቶ ገና በሃያ ዓመቱ የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ለመሆን በቃ።

በዚያ ዘመን የነበሩ የመድፍ መጻሕፍት አየር ጥይትን እምብዛም እንደማያግድ ያስተምሩ ነበር። ሮቢንስ ይህን በክርክር ከመንቀፍ ይልቅ የጥይቱን ፍጥነት ለመለካት ቆረጠ። ነገር ግን ዓይን የማያየውን ነገር በምን ይለኩታል? ከባድ ገበታ አንጠልጥሎ ተኮሰበት። ጥይቱ በእንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቀር ገበታው ወደ ኋላ ተወዛወዘ፤ ከሥሩ የታሰረው ጥብጣብ የተሳበውን ያህል ለክቶ፣ ከጥይቱና ከገበታው ክብደት ጋር አስልቶ ፍጥነቱን አገኘ። ጥይቱ በሴኮንድ ወደ 500 ሜትር ይጓዝ ነበር። ገበታውን እያራቀ ሲተኩስ ፍጥነቱ በእጅጉ ስለቀነሰ የአየር ግፊት ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ተረጋገጠ።

ሮቢንስ ከመለኪያው ጋርም ይጠራጠር ነበር። ገበታው ለአፈሙዙ እጅግ ከቀረበ የባሩዱ ነበልባል ራሱ ይገፋዋልና ርቀቱን መጠበቅ እንደሚገባ አስጠንቅቋል። ችግሩ ዛሬም አለ። በጠመንጃ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚታሰር የፍጥነት መለኪያ ክብደቱ የቱቦውን ንዝረት ስለሚለውጥ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሊያዛንፍ ይችላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ተኳሽ መለኪያውን አንድ ጊዜ አስሮ፣ አንድ ጊዜ ፈትቶ በአንድ ዒላማ ላይ ይተኩሳል።

ግኝቱን የያዘው መጽሐፍ በ1742 ታተመ፤ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለርም ሰፊ ሐተታ ጨምሮ በ1745 ወደ ጀርመንኛ መለሰው። ይሁን እንጂ ሮቢንስ ጥይት ከመንገዱ የሚወጣው እየሾረ ስለሚሄድ ነው ሲል፣ ኦይለር ግን የጥይቱ ቅርጽ ጉድለት ነው አለ። ሮቢንስ የጠመንጃ ቱቦ ጫፍን ወደ ግራ አጠፈና በስስ ወረቀቶች ውስጥ ተኮሰ፤ ወረቀቱ ስስ የሆነው የጥይቱን ጉዞ እንዳያውክ ነው። ጥይቱ መጀመሪያ ወደ ግራ ሄደ፤ ከዚያ በአየር ላይ ታጥፎ ከዒላማው በስተቀኝ አረፈ። እንደ እኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ የሚደነቀው ይህ ነው።

መፍትሔው ጥይቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሾር ነበር። ስለዚህ በ1747 ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለውን ጠመንጃ አስቀድሞ የሚይዝ ሕዝብ በሌላው ላይ ብልጫ እንደሚያገኝ ለማኅበሩ አስረዳ። የሰማው ጥቂት ነበር። ወደ ህንድ ተሻግሮ ምሽግ ሲያሠራ በ1751 በንዳድ ሞተ።

ቃሉ ከመቶ ዓመት በኋላ በአገራችን ታየ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ፣ እሮጌ ላይ፣ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር አብዛኛው ልሙጥ ቱቦ ያለው ነፍጥ ይዞ ወረደ፤ እንግሊዞቹ የያዙት ግን ባለ ጠመዝማዛ ቦዩንና ከኋላ የሚጎርሰውን ስናድር ነበር። ገብርዬና ብዙ መቶ ወታደሮች ወደቁ፤ ከእንግሊዞቹ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከ28 ዓመት በኋላ በአድዋ ግን ባለ ጠመዝማዛ ቦዩ ጠመንጃ፣ ውጅግራው፣ በኢትዮጵያውያን እጅ ነበረ።