ቁስሉን ያልመዘገበው ወረቀት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። ጽሑፉ ራሱ ሲጎድልስ? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሄንሪ ጆንሰን ፋይል ትዝ ይለኛል።

ጆንሰን በኒውዮርክ ግዛት፣ በአልባኒ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1918 ፈረንሳይ፣ አርጎን ጫካ ውስጥ ከጓዱ ከኒድሃም ሮበርትስ ጋር ሌሊት ዘብ እንደቆመ ጀርመኖች ድንገት ደረሱባቸው። ጆንሰን በጠመንጃ ሰደፍና በጩቤ ጭምር ተዋግቶ የቆሰለውን ጓዱን ከምርኮ አዳነ። እርሱም 21 ቦታ ቆሰለ።

ፈረንሳይ የጦር መስቀል ሸለመችው። የገዛ አገሩ ግን ዝም አለች፤ የስንብት ወረቀቱም ስለ ቁስሉ አንዲት ቃል አልያዘም። በ1929 ሞተ።

የቁስለኞች ሜዳይ የተሰጠው በ1996 ነው። ከፍተኛው የክብር ሜዳይ ደግሞ በ2015 በፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ ተሰጠ። ለዚህም ጄኔራል ፐርሺንግ በጦርነቱ ጊዜ የጻፉት መልእክት ከማኅደር መገኘት፣ ኮንግረስም የጊዜ ገደቡን ማንሣት ነበረበት።

እንደ ሕግ ሰው የሚቆጨኝ ማስረጃ አለመጥፋቱ ነው። ማስረጃው መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ የጠፋው ፋይሉን የሚገልጥ ባለሥልጣን ነው። ሙት አቤት አይልም። ስለዚህ መዝገብን ማረም ውለታ ሳይሆን መንግሥት ያለበት ዕዳ ነው፤ ይህ ዕዳ 97 ዓመት ቆየ።