ሁለት ጊዜ ወደ ደርሱ የተመለሰው ልጅ

 

ወንድሜ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ይህ ቦታ ለእኔ አይሆንም ብለህ ታውቃለህ? ጫማህንና ልብስህን ከጓደኞችህ ጋር እያወዳደርክ አንገትህን ደፍተህስ ታውቃለህ? እህቴ፣ አንቺስ? እንግዲያውስ ዛሬ ስለ አንድ የኩፋ ልጅ ላጫውታችሁ።

ስሙ ያዕቁብ ኢብኑ ኢብራሂም ይባላል። በ113 ዓመተ ሂጅራ በኢራቅ፣ በኩፋ ከተማ ከድሃ ቤት ተወለደ። በዚያን ዘመን ታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በኩፋ ያስተምሩ ነበር። ያዕቁብም በተጎሳቆለ ልብሱ እየመጣ ከደርሳቸው ይቀመጥ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን የሚበላ ያስፈልጋል። አንዳንድ ዘጋቢዎች እንደሚሉት አባቱ ስለሞቱ እናቱ ልብስ አጣቢ ዘንድ ሥራ አስገባችው። እሱ ሥራውን ጥሎ ወደ ደርሱ ሲሸሽ፣ እናቱ እየተከተለች ከተማሪዎቹ መሐል ታስወጣዋለች። እስቲ አስበው፣ ጓደኞችህ ሁሉ እያዩህ! በእናቱ ግን አትፍረድ፤ ችግር አስገድዷት ነው።

በሌላው ዘገባ ደግሞ ሥራህን ሥራ ያሉት አባቱ ናቸው። ልጁም አባቱን ታዞ ከደርሱ ቀረ።

ኢማሙ ያን ሁሉ ተማሪ እያስተማሩ የአንዱን ድሃ ልጅ መቅረት አስተዋሉ። የት እንደገባም ጠየቁ። ሲመጣ በሰው ፊት አላሳፈሩትም፤ ሰዉ እስኪበተን ጠብቀው አንድ ከረጢት ሰጡት። ከፍቶ ሲያየው 100 ዲርሃም ነበረበት። ከደርስ እንዳይቀርና ሲያልቅበት እንዲነግራቸው አዘዙት። እሱ ግን አልቋል ብሎ አያውቅም፤ ሳይጠይቃቸው በፊት እሳቸው ይጨምሩለት ነበር። ይህ የመጀመሪያው መመለስ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ያዕቁብ በዕውቀት ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ታሞ ኢማሙ ሊዘይሩት መጡ፤ ከእሳቸው በኋላ ለሙስሊሞች ተስፋ የሚያደርጉት እሱን እንደሆነም ተናገሩ። ይህን የሰማው ወጣት ልቡ አበጠ። ከሕመሙ ሲነሳ የራሱን ደርስ ከፍቶ ተቀመጠ።

ኢማሙ አልተቆጡም፤ ሰው ልከው አንድ ጥያቄ አስጠየቁት። አንድ ሰው ልብሱን ለአጣቢ ይሰጣል፤ አጣቢው አልተቀበልኩም ብሎ ይክዳል፤ በኋላ ግን አጥቦ ይመልሳል። ዋጋው ይገባዋል? ያዕቁብ ይገባዋል ሲል ተሳስተሃል ተባለ። አይገባውም ሲልም ተሳስተሃል ተባለ። ሱብሃነላህ! በሰው ፊት ግራ ገባው።

ያኔ አኩርፎ መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን ወዲያው ተነስቶ ወደ ኡስታዙ ሄደ። መልሱንም ከእሳቸው ተማረ፤ አጣቢው ከመካዱ በፊት ካጠበው ዋጋው ይገባዋል፤ ከካደ በኋላ ካጠበው ግን ለራሱ ነው ያጠበው፣ ምንም አይገባውም።

ይህ ልጅ ማን እንደሆነ አወቅከው? ቃዲ አቡ ዩሱፍ (ረሒመሁላህ) ናቸው! በኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ የተባሉት፣ ስለ ግብር አሰባሰብ ኪታቡል ኸራጅን የጻፉት። በዚያ ኪታብ ግብር ከፋዩ እንዳይደበደብና ፀሐይ ላይ እንዳይገተር ለኸሊፋው አሳሰቡ። በ182 ዓመተ ሂጅራ ባግዳድ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። ዛሬም እኛ አገር ወሎ ውስጥ የሐነፊ ፊቅህ ሲቀራ ስማቸው ይነሳል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አቡ ዩሱፍን መጀመሪያ ድህነት፣ ቀጥሎ ኩራት ከቦታቸው አንስቷቸው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ተመለሱ። አንተም በችግር ይሁን በኀፍረት ከትምህርትህ ወይም ከቂርኣትህ ርቀህ ከሆነ ተመለስ። ደርሰህ ካለህ ደግሞ ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ዞር ብለህ እይ፤ ከመካከላችሁ ማን ቀረ? ደውልለት። ችግሩን ሰው ሳይሰማ ጠይቀው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ስንጠፋ የሚፈልጉን ኡስታዞችንም አያሳጣን። ኣሚን።