ቤቶቨንን ያሳደገው ዱላ ነውን?

ለክቡር አዘጋጅ፤

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የአንድ ተማሪዬ አባት ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው ነበር። ልጃቸው ክራር መምታት የሚወድ፣ ጣቱም የቀና ልጅ ነው። እኒህ ሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ብዙም ያነበቡ ናቸው፤ ልጁ ሌላውን ሁሉ ትቶ ማታ ማታ እንዲለማመድ በዱላ እንደሚያስገድዱት ሳይደብቁ ነገሩኝ። ለዚህም ምስክር አድርገው የጠሩት ታላቁን የጀርመን የሙዚቃ ሊቅ ቤቶቨንን ነው። አባቱ ባይደበድበው ኖሮ ይህን ያህል ሊቅ ባልወጣው ነበር ነው የሚሉት። ይህን አሳብ ከእሳቸው ብቻ አልሰማሁትም፤ በየሻይ ቤቱም ይነገራል። ስለዚህ የዚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎች ባቀርብ ጥቅም አያጣም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሉድቪግ ቫን ቤቶቨን የተወለደው በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦን ከተማ ሲሆን ክርስትና የተነሣው ዲሴምበር 17 ቀን 1770 ነው። ቦን ያን ጊዜ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ መቀመጫ ነበረች። ሊቀ ጳጳሱም የሃይማኖት አባት ብቻ ሳይሆን አገር የሚገዛ መስፍን ስለ ነበረ ዘፋኞችንና ሙዚቀኞችን በደመወዝ ያኖር ነበር። ስሙ እንደ ልጅ ልጁ ሉድቪግ የሆነው አያት በዚህ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ አለቃ እስከ መሆን የደረሰ የተከበረ ሰው ነበረ። ሚስቱ ግን በመጠጥ ተሸንፋ በገዳም ውስጥ እንድትቀመጥ ተደረገ፤ ይኸው ክፉ አመል ወደ ልጃቸው ወደ ዮሐን ተላለፈ። አያትየው ሲሞት ሕፃኑ ሉድቪግ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቢሆንም የአያቱን ሥዕል እስኪሞት ድረስ ከቤቱ አላወረደም።

አባትየው ዮሐን በዚያው ቤተ መንግሥት ድምፃዊ ነበረ። ችሎታ አልነበረውም ማለት ሐሰት ነው፤ ዘፈንንና ክላቪየር የሚባለውን የፒያኖ ዓይነት መሣሪያ ለሰው ልጆች እያስተማረ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ነገር ግን ሞዛርት በሕፃንነቱ በነገሥታት ፊት ተጫውቶ ያገኘው ዝና በአገሩ ሁሉ ይወራ ነበርና የእኔስ ልጅ ከማን ያንሳል ብሎ ተነሣ። ጎረቤቶች በኋላ ዘመን እንደ መሰከሩት፣ ልጁ እጁ ወደ መሣሪያው ስለማይደርስለት በትንሽ አግዳሚ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ሲጫወት ይታይ ነበር። ፋይፈር የሚባል ሙዚቀኛ በቤታቸው በተቀመጠበት ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከመጠጥ ቤት በእኩለ ሌሊት ሲመለሱ የተኛውን ልጅ ቀስቅሰው እስኪነጋ ያስጠኑት እንደ ነበር ተነግሯል። ማርች 26 ቀን 1778 አባቱ በኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርበው ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው ብሎ አስነገረ፤ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ከዚህ የተነሣ ይመስላል፣ ቤቶቨን ካደገ በኋላ እንኳ ዕድሜውን አሳንሶ ይቆጥር ነበር። ከዚያ ትርኢት በኋላም የሞዛርት ዓይነት ዝና አልመጣም።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ከትምህርት ቤት አወጡት። እኔ አስተማሪ ነኝና ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ይህን የመሰለ አእምሮ ያለው ሰው ማባዛትን በደንብ ሳይማር ኖረ፤ ሒሳብ ሲያስፈልገው ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ እየደረደረ ሲደምር በወረቀቶቹ ላይ ይታያል።

ታዲያ ማን አሳደገው? በ1779 ክሪስቲያን ጎትሎብ ኔፈ የሚባል ሙዚቀኛ ወደ ቦን መጣ። ይህ ሰው ልጁን አልመታውም፤ ሥራ ሰጠው። በዚያ ዘመን በእጅ ጽሑፍ ብቻ ይገኝ የነበረውንና ባኽ በሃያ አራቱም የሙዚቃ ቅኝቶች የጻፈውን መጽሐፍ ከፊቱ ዘረጋለት። በ1782 ኔፈ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ በኦርጋኑ ላይ ተክቶት ሄደ። በዚያው ዓመት የልጁ የመጀመሪያ ድርሰት ታተመ። በ1783 ደግሞ ኔፈ ስለ ተማሪው በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ጽፎ፣ ይህ ልጅ እርዳታ ቢያገኝ ሁለተኛ ሞዛርት ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። በ1784 ቤቶቨን በአሥራ ሦስት ዓመቱ በ150 ጉልደን የዓመት ደመወዝ ረዳት የኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። ወይዘሮ ፎን ብሮይኒንግ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትም ልጆቿን ፒያኖ እንዲያስተምር በቤቷ ተቀበለችው። መጽሐፍ ማንበብን፣ ከሰው ጋር መቀመጥን የለመደው እዚያ ነው፤ ሲከፋውና ፊቱ ሲጠቁርም አታስጨንቀውም ነበር።

በ1787 ለትምህርት ወደ ቪየና ተላከ። ብዙም ሳይቆይ የእናቱ ሕመም ጸንቷልና ተመለስ የሚል ደብዳቤ ደረሰው። እናቱ በሳምባ ነቀርሳ ታማ በጁላይ ወር በአርባ ዓመቷ ሞተች፤ ሕፃን እኅቱም በኅዳር ተከተለቻት። ከተወለዱት ሰባት ልጆች የተረፉት እሱና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ብቻ ነበሩ። አባቱ ደመወዙን ለመጠጥ ያውለው ስለ ነበር በ1789 የአሥራ ስምንት ዓመቱ ወጣት ለመስፍኑ ማመልከቻ አቀረበ። አባቱ ከሥራ ተሰናብቶ ከደመወዙ እኩሌታው ለልጆቹ ማሳደጊያ ለሉድቪግ እንዲከፈል ተወሰነ። አባትየው ግን በሰው ፊት እንዳያዋርደው ለመነው፤ ልጁም ራርቶ ውሳኔውን ለገንዘብ ቤት ሳያቀርበው ቀረ፤ ድርሻውን አባትየው በእጁ ይሰጠው ጀመር። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎች የአባትን ደመወዝ በማመልከቻ ማስያዝ ለአንድ ወጣት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዮሐን በዲሴምበር 1792፣ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቪየና ከሄደ ከአንድ ወር በኋላ ሞተ። መስፍኑ ይህን ሲሰማ የመጠጥ ቀረጥ ገቢያችን ጎደለ ብሎ በደብዳቤ ቀልዶበታል።

ለዱላ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። ወንድሞቹ ካስፓርና ታናሹ ዮሐን ያንኑ አባት፣ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ችግር ቀምሰው አድገዋል። ካስፓር በቪየና የገንዘብ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ ዮሐንም መድኃኒት ሻጭ። ሁለቱም ሥራ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ሲምፎኒ የጻፈ ከእነሱ መካከል የለም።

በቪየና ያገኘውን ዝና ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ሃያ ሰባት ወይም ሃያ ስምንት ዓመት ሲሆነው ጆሮው መድከም ጀመረ። በ1802 ሃይሊገንሽታት በምትባል መንደር ተቀምጦ ሞትን እስከ መመኘት የደረሰበትን ኀዘን የሚገልጽ ደብዳቤ ለወንድሞቹ ጻፈ፤ ሳይልከውም ቀርቶ ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። በዚህ ደብዳቤ የካስፓር ስም ሲጻፍ የዮሐን ስም መግባት ባለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ስፍራ ተትቷል። ምክንያቱን ሊቃውንት በየበኩላቸው ይተረጉሙታል። እኔ ግን ያ ስም የአባቱም ስም መሆኑን አስቤ ያንን ባዶ ስፍራ ሳላዝን አላልፈውም። ከዚህ በኋላ ነው ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሌሎቹን ታላላቅ ሲምፎኒዎች የጻፈው። ዘጠነኛው ሜይ 7 ቀን 1824 ሲቀርብ ጭብጨባውን ስላልሰማ ከድምፃውያቱ አንዷ ወደ ሕዝቡ ፊቱን እንዲያዞር አደረገችው።

የዱላው ፍሬ የታየው ሌላ ቦታ ነው። ካስፓር በ1815 ሲሞት ካርል የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትቶ ሞተ፤ በኑዛዜውም ወንድሙና ሚስቱ ዮሐና አብረው እንዲያሳድጉት አዘዘ። ቤቶቨን ግን እናቲቱን ለልጁ አትገባም ብሎ ከሰሳት። ሚስትም ልጅም አልነበረውምና ልጁ የእሱ ብቻ እንዲሆን ፈለገ፤ ራሱንም አባት ብሎ ይጠራ ነበር። ሙግቱ እስከ 1820 ቆየ። በመካከሉ ስሙ ላይ ያለው ቫን የሚለው ቃል የመኳንንት ምልክት አለመሆኑ ስለ ታወቀ ጉዳዩ ከመኳንንት ፍርድ ቤት ወደ ተራው ችሎት ተዛወረ። ካርል በ1818 ወደ እናቱ ቤት ኮበለለና ፖሊስ መለሰው። በመጨረሻ ቤቶቨን ረታ።

ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ካርልን ፒያኖ ለሚያስተምረው ለቸርኒ፣ ልጁን በተቻለው መጠን በፍቅርና በትዕግሥት እንዲይዘው አደራ ብሎ ጽፎለታል። በእኩለ ሌሊት ተቀስቅሶ የተማረ ሰው ምን እንደሚሻል ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሚያውቀው ለፒያኖው ብቻ ሆነ። ካርል የት እንደ ዋለ፣ ከማን ጋር እንደ ተነጋገረ፣ ገንዘቡን በምን እንዳጠፋ ሲመረምርና ሲጠራጠር፣ ሲቆጣና መልሶ ይቅርታ ሲለምን ዓመታት አለፉ። ልጁ ወታደር ለመሆን ቢመኝም አጎቱ አልፈቀደለትም። በ1826 በጋ ካርል ሰዓቱን አስይዞ ሁለት ሽጉጥ ገዛ፤ ባደን አጠገብ ወዳለ የፈረሰ ግንብም ወጥቶ ራሱን ተኮሰ። ጥይቱ ጭንቅላቱን ልጦት አለፈና ተረፈ፤ ባገኙትም ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ውሰዱኝ አለ።

ቤቶቨን በአንድ ጊዜ አረጀ ይላሉ ያዩት። በዚያው መከር ሁለቱ በዮሐን ርስት ተቀመጡ፤ በዲሴምበር ብርድ ወደ ቪየና ሲመለሱ ቤቶቨን ታመመ፤ ማርች 26 ቀን 1827 ሞተ። ሲሞት ጉበቱ ተበላሽቶ ነበር። በ2023 ሊቃውንት ከጸጉሩ ባደረጉት ምርመራ የጉበት በሽታ ቫይረስና ከዘር የመጣ የጉበት ድካም አግኝተውበታል፤ መጠጡም እንዳገዘው ይገምታሉ፤ ለጆሮው መድከም ግን ምክንያት አላገኙለትም። ቀብሩን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተከተለው። ካርል ከጦር ክፍሉ ጋር በሩቅ ስለ ነበረ አልደረሰም።

ያለውን ሁሉ የወረሰው ካርል ነው። እሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጦር ሠራዊት ወጥቶ አገባ፤ አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለደ። ለወንዱም ሉድቪግ ብሎ ስም አወጣለት።

አክባሪዎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ከአዲስ አበባ