ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፡ ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን

መግቢያ

በባሌ ምድር ጉዲፈቻ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ የአፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጅን ለራስ ብሎ ማሳደግ ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ የሕግ መጻሕፍት ሳይቀር ገብቶ እናገኘዋለን። በባህሉ መሠረት አንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘመድ ይሰማል፣ ጎረቤት ያውቃል። ልጁ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው አይጠፋም።

ታዲያ ልጁን የሚወስደው የሩቅ አገር ሰው ሲሆንና ምስክር በሌለበት ሲሆንስ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለመቃኘት ይሞክራል። ሰውየው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ በመሆናቸው ነው። በባዕድ አገር ሰዎች እጅ ያደጉ ልጅ መሆናቸው ግን ያን ያህል አይነሳም።

ከመቅደላ እስከ ላሆር

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ፣ ሕፃኑ ወርቅነህ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቢሆነው ነው። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለየ። ያገኙትም እንግሊዞች የተጣለ ልጅ ነው አሉ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኮንን አዘነለትና ይዞት ወደ ህንድ ሄደ።

ጦሩ ክረምት ሳይገባ ወደ ባሕር ለመውረድ ይጣደፍ ስለነበር የልጁን ወገን አፈላልጎ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ዘመድ ግን ነበረው። ሌላው ሁሉ ቢቀር አያቱ በሕይወት ነበሩ።

ቻምበርሌን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ሲቀር ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ፑንጃብ ውስጥ በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከዚያም ላሆር ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ቆይቶም ስኮትላንድ ኤድንብራ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ፣ ለእንግሊዝ መንግሥትም በበርማ ሐኪም ሆኖ ሠራ።

እንግዲህ ከውጭ ላየው ሰው ነገሩ ሁሉ ያማረ ነው። ልጁ ከሞት ተረፈ፣ ተማረ፣ ሐኪም ሆነ፣ ደመወዝተኛ ሆነ። አሳዳጊዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ውለታቸው በምንም አይካድም። ሆኖም ቋንቋውን አጥቷል፣ የአባቱን ስም አያውቅም፣ የትውልድ መንደሩንም አያውቅም። ዳቦና ትምህርት ያገኘ ልጅ ሌላ ምን ይፈልጋል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ሌላው የመቅደላ ልጅ

ከዚያው ተራራ ሌላም ልጅ ተወስዷል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፉ፣ እሱም በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቡለት ነበር፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችም ገብቷል። ግን አገሩን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስ የሚለው የኢትዮጵያ ጥያቄ እስካሁን ምላሽ አላገኘም፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እንደገና አልቀበልም ብሏል።

ሁለቱም ከአንድ አምባ ወጡ፣ ለሁለቱም ገንዘብ ወጣላቸው፣ ሁለቱም ተማሩ። አንዱ የመመለሻ መንገድ አገኘ፣ ሌላው አላገኘም።

ወደ ወገን መመለስ

የካቲት 1888 ዓ.ም. የአድዋ ድል ዜና ዓለምን ሲያዳርስ የዶክተር ማርቲን ልብ ወደ አገሩ ዞረ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ ስለማይችሉ በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት። ድንኳን ተክለው በሽተኛውን በነፃ ማከም ጀመሩ፤ ወሬው አፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ ሲባል አያታቸው ሰሙና መጡ። በሰውነታቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተውም የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ለዩ። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን መልሰው ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ይህን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል። የወይብ ወንዝ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ከዓይን ይሰወራል። በሌላኛው በኩል ሲወጣ ግን ያው ወይብ ነው፤ ስሙን የሚነግረው ሰው አለና። የወርቅነህም ዕድል እንዲሁ ሆነ። በእጃቸው የያዙት ወረቀት አልነበረም። የነበራቸው አንድ ጠባሳና ጠባሳውን የምታስታውስ አንዲት አያት ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይተው አያትየው በሕይወት ባይገኙ ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር?

ለአገር የሠሩት

ሐኪም ወርቅነህ ከዚያ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው እየተመለሱ እንደገና እየመጡ ቆይተው፣ በ1910ዎቹ ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆች የሚማሩበትንም ትምህርት ቤት መርተዋል። ወገኑን ያላወቀ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእሳቸው የበለጠ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በልጅነታቸው ያጡትን አማርኛም ተምረው የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅተውበታል።

በ1920 ዓ.ም. ለጣና ግድብ ጉዳይ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ጋር ተገናኙ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችም ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ቀሰቀሱ። ቀጥሎ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆኑ። የኢጣልያ ወረራ ሲመጣ ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ያሳደጋቸውን አገር መንግሥት፣ ለወለዳቸው አገር እንዲቆም የሞገቱት እሳቸው ናቸው።

ዋጋውን ግን በልጆቻቸው ከፈሉ። እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ዮሴፍና ብንያም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ነበር። ሁለቱም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ለእኛ ዘመን

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለውጭ አገር ጉዲፈቻ በር ከፍቶ ነበር። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን የጉዲፈቻ ልጅ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ተጽፏል። በተግባር የሆነው ሌላ ነው። ድርጅቶች በየከተማው ተከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ሕፃናት ሄዱ። ከሄዱት መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ነበሩበት። አንዳንዱ ወላጅ ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ ነበር የፈረመው። በዚህ የተነሳ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን የሚታዩትን ፋይሎች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፣ ጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጨርሶ አስቀረ።

አንዳንዶች ይህ ክልከላ ሕፃናቱን ከዕድል ያርቃል ይላሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ ወርቅነህም ላሆር ባይገቡ ሐኪም ላይሆኑ ይችሉ ነበር። ግን ዕድሉን ለመስጠት የግድ ስሙን መንሳት ያስፈልግ ነበር ወይ? የማሳደጉ ደግነት አንድ ነገር ነው፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መቅደላ ላይ የጎደለው ሁለተኛው ነው።

ማጠቃለያ

በሩ ቢዘጋም ነገሩ አላለቀም። በዚያን ጊዜ የሄዱት ልጆች አሁን አድገዋል፤ እንደ ወርቅነህም ወገናቸውን ሊፈልጉ ይመጣሉ። ሁሉም ጠባሳ የላቸውም፣ ሁሉም አያት አይጠብቃቸውም። ስለዚህ ነገ መምህር ሆነን ወደየወረዳው ስንበተን ትንሽ የምትመስል ግን ትልቅ ሥራ አለችብን። በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ የወላጆቹን ስም፣ መንደሩንና ያመጣውን ሰው ማንነት ሳንጽፍ አንለፍ። የአንድ ሰው የመመለሻ መንገድ እዚያች መዝገብ ላይ ሊሆን ይችላልና።