ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ ከትምህርት ቤት መድረክ እስከ ምክር ቤት

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ለሕዝብ መልእክት በመድረክም ይደርስ ነበር፤ የሴቶችንም ቦታ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በዚያ ዘመን ተውኔት ጽፈውና ልጃገረዶችን አሠልጥነው ለእይታ ካበቁ ሴቶች ቀድሞ የሚነሣው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ገና በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው። ተምረው ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጣሊያን አገራችንን ወረረ። እሳቸውም ወደ ጎሬ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ኋላም ተይዘው በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ ወደ ማስተማር ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ተውኔት ራሳቸው ይጽፉ፣ ራሳቸውም ያዘጋጁ ነበር። በሰው ፊት ቆሞ መናገር ነውር ይመስላት የነበረች ልጅ በዚያ መድረክ ላይ ድምፅዋን አሰማች። የልቤ መጽሐፍ የተባለው ሥራቸው በ1942 ዓ.ም ታተመ።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተመርጠው በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደረሱ። ወንዶች በሞሉበት በዚያ ቤት ስለ ሴቶች መብት ተከራከሩ። ሥራው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያልቅ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። የጋብቻ ዕድሜ 18 የሆነው በ1992 ዓ.ም በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የክልላችንም ሕግ በ1995 ዓ.ም ይህንኑ ደነገገ። ወይዘሮ ስንዱ ይህን አይተው በ2001 ዓ.ም በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሕጉ ወጥቷል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ከገጠር መጥተው ቢቸናና ሞጣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆቻችን ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም የቤት ኪራይ ሲያጡ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቃቸው ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለአንዲት ተማሪ የአንድ ወር ኪራይ ስናዋጣ፣ አባላትም ሆንን ረጂዎች፣ ወይዘሮ ስንዱ የጀመሩትን እየቀጠልን ነው። ልጆቹንም በስብሰባችን ላይ ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ እንጋብዛቸው።